ሼር አድርጉ፤ መስማቱ ይደርሳል

አሶሳ ላይ አዲስ ዘፈን መውጣቱን ለማወቅ ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም። ቡናው ሳይፈላ ሊንኩ ከተፍ ይላል፤ ከሰፈሩ ቴሌግራም፣ ከእድሩ፣ ከወላጆች ኮሚቴ ሳይቀር። «የክልላችን ልጅ አዲስ ነጠላ ዜማ! ሼር! ሰብስክራይብ!» እኛም ትእዛዝ አክባሪዎች ነን፤ እሳቱን፣ ልቡን፣ አውራ ጣቱን እንደረድራለን። አንዲት ጎረቤቴ ዘፈኑ በተለቀቀ በሁለተኛው ደቂቃ «ደጋግሜ ሰማሁት፣ አልጠግበው አልኩ» ብላ ጻፈች። ዘፈኑ አምስት ደቂቃ ነው።

እኔ እንደሷ ዓይን ያወጣ ውሸት አልወድም። «ጆሮ ገብ ነው» ብዬ ብቻ አልፋለሁ። የማን ጆሮ እንደሆነ አልጠቀስኩም።

ልጁ እኮ አሳታሚ የለው፣ ስፖንሰር የለው። የስቱዲዮውን፣ የአቀናባሪውን፣ የክሊፑን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው፤ የራሱ ሲያልቅ ከአጎቱ። አዲስ አበባ ሄዶ መቅረጽ ካማረው ደግሞ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገላቶ ነው። ከዚያ ክሊፑ ይመጣል፦ የማንጎ ጥላ፣ የቀርከሃ ጫካ፣ በጫካው ውስጥ ጥቁር መነጽር፣ የሰው መኪና። እውነት ለመናገር ክሊፑን ደጋግመን ያየነው አለ። የአክስታችን ልጅ ከኋላ በኩል ሽው ብላ ስለምታልፍ ነው።

ባለፈው ባጃጅ ውስጥ የሱዳን ዘፈን ተከፍቷል፤ መሐመድ ወርዲ። ኩርሙክን ከተሻገሩ ሱዳን ነው፤ ዘፈን ደግሞ ኬላ ላይ አይፈተሽም፣ ስለዚህ አልገረመኝም። ሹፌሩን ግን «የአገርህ ልጅ አዲስ ሥራ አውጥቶ የለ እንዴ? እሱን ክፈትልን እንጂ» አልኩት። «ሼር አድርጌዋለሁ እኮ ማዘር» አለና የወርዲን ድምፅ ጨመረው። «ማዘር» ያለኝን ገና አልረሳሁም።

የገንዘቡ ነገርማ አይነሳ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ትእዛዙን ጥሶ በራሱ ስም አሳተመ፤ የጀመረውም በዓለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። ሰውየው ለነጻ ሙዚቃ ሲል ከመንግሥት ጋር ተጋፋ። እኛ ከሞባይል ካርዳችን ጋር እንኳ መጋፋት አቅቶናል። ሙዚቀኞቹ ኤልያስ መልካ፣ ኃይሌ ሩትስና ጆኒ ራጋ በ2011 ዓ.ም. አውታር የተባለውን መተግበሪያ ይዘው ሲመጡ፣ በጥቂት ብር ዘፈኑን ግዙ፣ ገንዘቡ ለባለሙያው ይድረስ ነበር ያሉት። ያቺው ጎረቤቴ «ሙዚቃ በገንዘብ?» ብላ አማተበች። በዘመዷ ሠርግ ዘፋኙ ግንባር ላይ የለጠፈችውን መቶ መቶ ብር እኔ ነኝ የዘረዘርኩላት። ምናልባት ዘፋኞቻችን አልበም የሚለቁት በየሠርጉ ድንኳን ቢሆን ይሻላቸዋል።

ደግሞ ዋዛ አለን። የበርታ ሰዎች ከቅል የሚሠሩት ረጃጅም መለከት ነው፤ አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፣ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራ በተራ እየተቀባበሉ ሲነፉት ነው። ከመካከላቸው አንዱ «ብቻዬን ነጠላ ዜማ ልልቀቅ» ቢል የሚለቀው «ቡ!» ብቻ ነው። ታዲያ ዋዛው በዓል ላይ አጠገባችን ሲነፋ ምን እናደርጋለን? ስልክ ወደ ላይ! አምስት ሰከንድ ቀርጸን፣ ለቅቀን፣ ስንት ላይክ እንዳገኘ እያየን ቤታችን። ሽማግሌዎቹ ገና እየነፉ ነው። ቆይቶ አንዱ ልጅ ያንኑ ድምፅ ከቢት ሥር ከትቶ ሲያመጣው ደግሞ እኛው ነን «ኧረ ይሄ ድምፅ ከየት የመጣ ነው? አንጀት ይበላል!» ብለን የምንጽፈው።

ዛሬ ማታም ሌላ ሊንክ ይደርሳችኋል፤ እኔ ራሴ ሳልልክላችሁ አልቀርም። እባካችሁ አንዴ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ካልጣማችሁም ለልጁ በግልጽ ንገሩት፣ ቀጣዩን ያሻሽላል። ደግሞ ምስጋና የሚጻፈው ክሊፑ ሲያልቅ ነው፤ ስማችሁ ካለ እዚያ ነው የምታገኙት።