ሱቁ የት ነው?

ግብር ስለሸሸ ነጋዴ ስንት ተወርቷል። ግብር ልክፈል ብሎ ተቀባይ ስላጣ ሰው ግን እምብዛም አይወራምና የኔን ላውራችሁ።

ነገሩ ካርቱም ነው፤ የኤፕሪል 2023ቱ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት። ዴም በሚባለው፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና የሐበሻ ፀጉር ቤት በሞላበት ሰፈር፣ ከአንዲት ሱዳናዊት ጎረቤቴ ጋር ሆነን ቡና፣ ጀበና፣ በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ እንሸጥ ነበር። እንሸጥ ነበር ስል በር ከፍተን፣ መደርደሪያ አቁመን አይደለም። ፎቶ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን፣ ገዢው በዋትሳፕ ይጽፍልናል፣ ገንዘቡን በበንከክ ይልካል፣ ዕቃው በራክሻ ይሄድለታል። ራክሻ ያው የኛ ባጃጅ ነው። በንከክ ደግሞ የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ ነው፤ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ ሴት ሳትቀር ቁጥሯን ካርቶን ላይ ጽፋ ታስቀምጥ ነበር።

ፈቃዱ በጎረቤቴ ስም ነው። ሐጃ እንላቸዋለን፤ መካ ደርሰው የመጡ ሴት ናቸው። እኔ የውጭ ሰው ስለሆንኩ በስሜ እናውጣ ቢባል ሌላ ረጅም መንገድ ነው። ካፒታሉ እኩል፣ ስልኩ የኔ፣ ክፍሉና የባንክ ሂሳቡ የሐጃ።

ግብር የሚባል ነገር ትዝ ያለን ሕሊና ቆርቁሮን አይደለም። አንድ ሆቴል ቡናችንን ወደደውና በየወሩ አምጡልኝ አለ። ውል ልንጽፍ ስንል የግብር ክሊራንስ ጠየቀን። ለክሊራንስ ግብር መክፈል፣ ግብር ለመክፈል ፋይል ማስከፈት፣ ፋይል ለማስከፈት ደግሞ ሱቅ ማሳየት ያስፈልጋል።

«ወይን አል-ዱካን?» አለኝ ፋይል የሚከፍተው ሰውዬ። ሱቁ የት ነው?

ስልኬን ከፍቼ አሳየሁት።

«እህቴ፣ ይሄ ፎቶ ነው።»

«አዎ፣ የምንሸጠው በፎቶ ነው።»

«ፎቶ ነው የምትሸጡት?»

«አይ፣ ቡና ነው።»

«ቡናው የት ነው?»

«ቤት።»

«እንግዲያው ሱቁ ቤቱ ነው።»

«ቤቱማ የሐጃ መኖሪያ ነው። ልጆች ይተኙበታል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም። ፊቱ ያለው ቅጽ የሱቁን ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሰሌዳውን ስም፣ በግራና በቀኝ ያለውን ጎረቤት፣ የሠራተኛውን ብዛት ይጠይቃል። መዝገብ የማይይዝ ትንሽ ነጋዴ ግብሩ የሚወሰነው በተቅዲር ነው፤ ሠራተኛው መጥቶ ሱቁ ዋና መንገድ ላይ መሆኑን፣ ዕቃው መብዛቱን፣ ደንበኛው መመላለሱን አይቶ ይገምታል። እኔ ደግሞ የማሳየው የእጅ ስልክ ነው፤ እሱም መስታወቱ የተሰነጠቀ።

ግምት ለኔ እንግዳ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ የነበረ ሰው «የቀን ገቢ ግምት» የሚባለውን አይረሳም። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው በቀን ይህን ያህል ትሸጣለህ ብለው ጽፈው ሄዱ፤ ቁጥሩ ሲገለጥ ሱቁን የዘጋ፣ ለአቤቱታ የተሰለፈ፣ በኦሮሚያ ከተሞች ደግሞ አደባባይ የወጣ ነበር። አዋጅ ቁጥር 979/2008 ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ500,000 ብር በታች የሆኑትን ነጋዴዎች ደረጃ «ሐ» ብሎ መድቧቸው ነበር። እነዚህ መዝገብ ያዙ አይባሉም ነበር፤ ይገመቱ ነበር። አክስቴ አንዷ ነበረች። ገማቹ የደረሰው በፋሲካ ሰሞን፣ ሱቋ በቅቤና በእንቁላል ገዢ በተጨናነቀበት ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ ፋሲካ አደረገላት። አክስቴ እስከ ዛሬ ገማቹን ትታ ጾሙን ስለመፍታት ታማርራለች።

አክስቴ ግን ቢያንስ የሚገመት ሱቅ ነበራት። አገር ቤት እንኳ ከዲጂታል ይዘት የሚገኝ ገቢ በስሙ ተጠርቶ የገቢ ግብር አዋጅ ውስጥ የገባው ገና በ2017 ዓ.ም በአዋጅ 1395 ነው። ያኔ ካርቱም ላይ እኔን የሚያውቅ ቅጽ ባይኖር ምን ይገርማል?

ቢሮው ደጅ ሻይ የምታፈላዋን ሴት እያየሁ ቀናሁባት። ባንኮኒዋ፣ ከሰሏ፣ ብርጭቆዎቿ ሁሉ ይቆጠራሉ። በርግጥ እሷን የሚቆጥራት ብዙ ነው፤ ካሻ የሚሉት አፈሳ ሲመጣ ብርጭቆዋ ሳይቀር ይጫናል። ቅናቴን ወዲያው መለስኩት።

ስመላለስ ያየሁትን ሁሉ አልዘረዝርም። ከረፋዱ አራት ሰዓት አካባቢ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ለፈጡር ይወጣል፤ የሱዳን ቁርስ ነው፣ ፉል ዙሪያ ተሰብስበው ነው የሚበሉት፤ እንግዳንም ሳይጋብዙ አይበሉም። ግብሬን ሳልከፍል የስንቱን ፉል በላሁ! ከፈጡር ሲመለሱ ደግሞ «ሸበካ ጧሻ» ይባላል፤ ኔትወርክ የለም።

በመጨረሻ መፍትሔው መጣ። ሱቅ ከሌለ መዝገብ ይቅረብ፤ የሐጃ የባንክ ሂሳብ ዓመቱን በሙሉ ታትሞ ይምጣ። አመጣን። ወረቀቱ ላይ ሐጃ ሀብታም ሆነው ተገኙ። የእህታቸው ልጅ ሠርግ መዋጮ በዚያ ቁጥር ነበር የገባው። ሰንዱቃቸውም በዚያው ነበር፤ ሰንዱቅ የእነሱ እቁብ ነው፣ ሐጃ ደግሞ ሰብሳቢዋ ናቸው። የሃያ ሴት እቁብ በየወሩ «ገቢ» እየተባለ ተደርድሯል። እያንዳንዱን ስም እየጠሩ፣ ይቺ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ያቺ ለምን ከባሏ እንደተጣላች ሲያስረዱ ሰውዬው መጀመሪያ ሰማ፣ ቀጥሎ ጻፈ፣ በኋላ ግን የጻፈውን ሰረዘና «ይሁን፣ ሰንዱቁ ይውጣ» አለ።

ቀጥሎ ትርፉ ይሰላ ተባለ። ጉዱ እዚህ ነው።

የሚሰላው ዓመት 2021 ነበር። በፌብሩዋሪ የሱዳን መንግሥት የአገሩን ገንዘብ፣ ጊኒውን፣ ለገበያ ለቀቀው፤ በባንክ 55 የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ጀንበር 375 ሆነ። እስከ ጁላይ የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ400 በመቶ አለፈ። በዚያ ዓመት ካርቱም ውስጥ ዕቃ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ እያንቀላፋ «አተረፈ»። እንበል፣ አንድ ኪሎ ቡና በሺህ ጊኒ ገዝቼ በሁለት ሺህ ሸጥኩ። ወረቀቱ ሺህ ጊኒ ትርፍ ይላል። ያንኑ ኪሎ ለመተካት ገበያ ስወጣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሆኗል።

ይህንን አስረዳሁ። ሰውዬው በትዕግሥት አዳመጠኝ። «ትርፍ ማለት ከሸጥሽበት ላይ የገዛሽበት ሲቀነስ ነው፤ ነገ የምትገዢበት ገና አልመጣም» አለኝ። በሕጉ ትክክል ነው። አገር ቤትም ቢሆን ከዚህ የተለየ አልሰማም ነበር። ሐጃ ግን ሕግ አልተማሩም።

«ልጄ» አሉት፣ «በዓመቱ መጀመሪያ ሃያ ኪሎ ቡና ነበረን። ሁሉንም ሸጠን በገንዘቡ ዛሬ አሥራ አምስት ኪሎ እንገዛለን። ከጎደለው አምስት ኪሎ ላይ ግብርህን ውሰድ።»

ቢሮው ሳቀ። ሰውዬውም ሳቀ፤ ቁጥሩን ግን አልቀየረም።

ወጪ ይቀነስልን አልን። «የወጪ ደረሰኛችሁ ኦርኒክ 15 ነው?» አለን። ኦርኒክ 15 በሱዳን መንግሥት ገንዘብ የሚቀበልበት ደረሰኝ ነው፤ ከ2015 ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ ሆኗል፣ ስሙ ግን አልተቀየረም። ካርቱም ውስጥ «ኦርኒኩ የት አለ?» ያልተባለ ሰው የለም። የኛ ቡና የሚመጣው ግን በአውሮፕላን፣ በመንገደኛ ሻንጣ ነበር፤ ከልብስ ሥር፣ ለሠርግ ከሚመጣ ዳንቴልና ከሕፃን ወተት ጎን። ሻጯ መርካቶ ያለች ሴት ናት፤ የምትጽፈው በደብተር ነው፣ የምታምነውም በቃል።

የፌስቡክ ማስታወቂያው ደረሰኝ ደግሞ ነበረ፤ ያውም ንጹሕ፣ ከነቀኑ። ችግሩ ከአየርላንድ መምጣቱና በሪያድ ባለ የአጎቴ ልጅ ካርድ መከፈሉ ነው። የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ከ1997 እስከ 2017 ቆይቶ ከተነሣ በኋላም፣ ሱዳን ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር በዲሴምበር 2020 ከወጣች በኋላም፣ እኔ የማውቃቸው ባንኮች በኢንተርኔት የሚከፈልበት ካርድ አልሰጡኝም። ስለዚህ ካርቱም ውስጥ ቡና ለመሸጥ ሪያድ ያለ ዘመድ ለደብሊን ይከፍልልኝ ነበር። ሰውዬው ደረሰኙን ገልብጦ አየው፤ ማኅተም ፈለገ።

«ማኅተሙስ?»

«ኢንተርኔት ማኅተም የለውም።»

«ይህማ ጉድለት ነው» አለ፣ ከልቡ አዝኖ።

ከዚያ ኖቬምበር ላይ ደረስን። የባንኩ ወረቀት ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ለሳምንታት ባዶ ነው። ሽያጭ ደብቃችሁ ይሆን? ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን እጠይቃለሁ። መልሱን ግን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ኦክቶበር 25 ወታደሮቹ ሥልጣን ሲይዙ ኢንተርኔቱ ተቆረጠ፣ የተመለሰው በኖቬምበር 18 ነው። በ2019ም ከጁን 3 በኋላ እንዲሁ ለወር ያህል ጠፍቶ ነበር። በስልክ ለምትሸጥ ሴት ይህ ሱቋ ታሸገ ማለት ነው፤ ማሸጊያው ላይ ግን ወረቀት አይለጠፍም።

«ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ አምጪ» አለኝ።

«ከማን?»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሐጃ ብቻ «ከጄኔራሎቹ ነዋ!» አሉ፤ እኔ እግራቸውን ረገጥኳቸው። ኖቬምበር ሳይጻፍበት ታለፈ።

መሀል ላይ የዘካ፣ የሙስሊሙ ግዴታ ምጽዋት፣ ነገር ተነሣ። የሐጃን ግማሽ ዘካ ይመለከተዋል፣ የኔን ግማሽ አይመለከተውም። ቡናው ግን በአንድ ጆንያ ነው። ሱዳን ይህን ጥያቄ በአገር ደረጃ ሞክራዋለች፤ ፕሬዝዳንት ኒሜሪ በሴፕቴምበር 1983 የሸሪዓ ሕጎቹን ካወጁ በኋላ፣ በ1984 ዘካ ብዙዎቹን ግብሮች እንዲተካ ሕግ ወጣ፣ ሙስሊም ላልሆነው ደግሞ የማኅበራዊ ትብብር ግብር ታሰበለት። ኒሜሪ በ1985 ወደቁ፤ በ1986 የገቢ ግብር በራሱ ሕግ ተመለሰ፣ ዘካውም ለብቻው ሆነ። ለዚህ ነበር ሐጃና እኔ አንድ ሂሳብ ለሁለት ደጃፍ የሠራነው።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ዓመት የተሻለ ሂሳብ የሚያውቀው ዘካው ነበር። ዘካ ትርፍሽ ስንት ነው ብሎ አይጀምርም። ለሽያጭ ያለሽ ዕቃና በእጅሽ ያለው ገንዘብ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ ዓመት ከቆየ 2.5 በመቶ ስጪ ይላል። ጊኒው ሲወድቅ ወርቁ ከጎኑ ይወጣል፤ መለኪያው አብሮት አይቀልጥም። የሐጃ ድርሻ በወርቅ ሲመዘን ገና አልደረሰም። በጊኒ ሲመዘን ግን ባለትርፍ ናቸው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ከተማ፣ በአንድ ጆንያ ቡና ድሃም ሀብታምም ሆኑ። ዓመቱም ቢሆን ስምምነት የለውም። ግብሩ ጃንዋሪ ይጀምራል፣ ዘካው በጨረቃ ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ ሐምሌ ሲገባ ያለምክንያት ሆዴ ይጨነቃል፤ የአክስቴ የግብር ወር ነበር።

በመጨረሻ ተቅዲር ይሁን ተባለና ገማች ወደ ቤት መጣ። ክፍሉን በሜትር ለካ። አንገረቡን፣ የገመድ አልጋውን፣ ገለጠ፤ ከሥሩ የቡናው ጆንያና አንድ ካርቶን ጀበና አለ። ስልኬን አሳየሁት፤ ከማየት ይልቅ ባትሪው ስንት እንደቀረው ጠየቀኝ፤ መብራት ጠፍቶ የሱ ስልክ ተዘግቶበት ነበር። ከጎናችን ባለው፣ ስኳርና ሲጋራ በሚሸጠው ባቃላ ልክ ገመተንና ወጣ። በር ላይ ደርሶ ዞረ። «ሰሌዳ ስቀሉ፤ ሰሌዳ ከሌለ ፋይሉ አይዘጋም» አለ።

ሰሌዳ አጻፍን። «የሐበሻ ቡና» የሚል፣ ጠርዙ ላይ ጀበና የተሳለበት፣ ከበሩ የሚሰፋ ሰሌዳ። ሐጃ ትንሽ ነገር አይወዱም። ግብሩ ተከፈለ፣ ኦርኒኩ ተቆረጠ፣ ክሊራንሱ ወጣ። የሥራ መስክ በሚለው ላይ «ባቃላ» ተብሎ ተጽፏል። ሆቴሉ ማኅተሙን አይቶ ሳያነበው ተቀበለ።

ሰሌዳው በተሰቀለ ሰሞን ሰው ማንኳኳት ጀመረ። አንዱ ሻይ ይጠይቃል፣ አንዱ የስልክ ካርድ፣ ሌላው «ጀበና አለ?» ብሎ ወንበር ይፈልጋል። ልጆቹ በር በመክፈት ተሰላቹ። ከዚያ ከሰፈሩ አስተዳደር ነኝ ያለ ወጣት ሜትር ይዞ መጣና አንገቱን አቅንቶ ሰሌዳውን አየ። የሰሌዳ ክፍያ አለባችሁ፣ ሂሳቡም እንደ ስፋቱ ነው አለን።

«እኛ እኮ ኦንላይን ነን» አልኩት።

ወደ ሰሌዳው ጠቆመ። «ታዲያ ይሄስ?»

ሐጃ ወንበር አወጡለት። ቡና ተፈልቶ እስኪቀርብ ድረስ ጀበናዋ የተሳለችበት ጠርዝ ከስፋቱ ትቀነስ አትቀነስ ተከራከሩ። አልተቀነሰችም። ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቶ ደረሰኙን ጻፈልንና፣ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና በቅናሽ ጠየቀን።