የባሕር ዳሩን መንገድ ለማበላሸት ሰባት ምክሮች

ከሳን ፍራንሲስኮ ሎስ አንጀለስ ለመውረድ ሐበሻ በብዛት የሚያውቀው አምስት ቁጥር የሚባለውን አውራ ጎዳና ነው። 615 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በእርሻ ሜዳ መሐል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ መኪና ካልበዛበት በስድስት ሰዓት ያደርሳል። ከኦክላንድ ወይም ከሳን ሆዜ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለልቅሶ የሚሄድ ሰው ይህን ቢመርጥ ትክክል ነው፤ ሰው እየጠበቀው ነውና። አንድ ቁጥር የሚባለው መንገድ ግን ሌላ ነው። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ አብዛኛውን የፓስፊክ ውቅያኖስን ዳር ይዞ ይጠማዘዛል። እሱን የምንይዘው እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ሲመጡ፣ ሙሽሮች ለጫጉላ ሲወጡ፣ ወይም ከስንት አንዴ የዓመት ፈቃድ ሲገኝ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያ ዕድል ተመልሶ አይገኝም።

ለዚህም ነው በከንቱ ሲባክን የሚቆጨኝ። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሰባት ምክሮች ጉዞውን ያለ ጥርጥር ያበላሻሉ፤ ሰው ሳያውቀው ሲከተላቸው ስለማይ ነው በምክር መልክ የጻፍኳቸው። ከየምክሩ ሥር ለምን እንደሚያበላሽና ምን ቢደረግ እንደሚሻል አስቀምጫለሁ።

1. በአንድ ቀን ጨርሱት

ስልካችሁን ብትጠይቁት ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ይላችኋል። «በጠዋት ከተነሣን እራታችንን ፌርፋክስ እንበላለን» ብላችሁ ውጡ። እዚያ ሎስ አንጀለስ በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ብላ የሰየመችው ሰፈር ክትፎ ይዞ ይጠብቃችኋል።

ስልኩ የነገራችሁ ግን መኪናው ያለ ዕረፍት ሲሄድ የሚፈጀውን ጊዜ ብቻ ነው። ቆሞ ማየት፣ ወርዶ መራመድ፣ ምሳ መብላት፣ ልጅ ሽንት ቤት መውሰድ በዚያ ሒሳብ ውስጥ የለም። ፀሐይም የለችበትም። በዲሴምበር መጨረሻ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ በጁን መጨረሻ ደግሞ ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ይጠጋል። በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ያለ ሰው የመንገዱን ትልቅ ክፍል በጨለማ ይነዳል፤ በጨለማ የሚታየው ደግሞ ቢጫው መስመርና ከፊት የሚመጣ መብራት ብቻ ነው።

የዚህ ጉዞ እምብርት ከካርሜል እስከ ሳን ሲሚዮን ያለው 145 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቢግ ሰር ይባላል። የሳንታ ሉሲያ ተራሮች በቀጥታ ወደ ባሕሩ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። ዕቅዳችሁን ከመሐሉ ጀምሩ፦ ቢግ ሰርን በየትኛው ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በብርሃን እናልፋለን? ይህ ከተወሰነ መኝታውም ምሳውም በዚያ ዙሪያ ቦታውን ይይዛል። በዚህ መንገድ ላይ የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን የብርሃን ሰዓት ነው።

2. ከደቡብ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን ንዱ

አሜሪካ ውስጥ መኪና ቀኝ ይዞ ይሄዳል። ከሎስ አንጀለስ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ስትወጡ ባሕሩ በግራችሁ ይሆናል፤ በእናንተና በባሕሩ መካከል የሚመጡት መኪኖች ያልፋሉ። በገደሉ አፋፍ ወዳሉት ማቆሚያዎች ለመግባት ተቃራኒውን መስመር ማቋረጥ አለባችሁ፤ ያውም በጥምዝ ላይ፣ ከወዲያ የሚመጣው በደንብ ሳይታይ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ተዉት፣ የሚቀጥለው ላይ እንቆማለን» ይላል፤ የሚቀጥለውም እንደዚያው ያልፋል።

ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትነዱ ባሕሩ በቀኛችሁ ነው፤ ማቆሚያዎቹም በቀኛችሁ ናቸው። ሎስ አንጀለስ የምትኖሩ ከሆነ በአምስት ቁጥር ወጥታችሁ በአንድ ቁጥር ተመለሱ። ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሹፌሩ ጎን ያለው የፊት ወንበር በባሕሩ በኩል ይውላል። ያ ወንበር ለእንግዳዋ እናት ነው። ጥምዝምዙ ከኋላ የተቀመጠን ሰው ያቅለሸልሻል፤ ከፊት ተቀምጦ ሩቅ የሚያይ ሰው ግን ይሻለዋል።

3. በጁላይ፣ በማለዳ፣ በከነቴራ ሂዱ

ካሊፎርኒያ ስለተባለና ወሩ ጁላይ ስለሆነ ፀሐይ አለ ብላችሁ ቁምጣና ከነቴራ ያዙ። እናትንም በነጠላ ብቻ ይዛችኋቸው ውጡ።

የዚህ ባሕር ውሃ ከሰሜን የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በፀደይና በበጋ ነፋሱ ደግሞ ከጥልቁ የባሰ ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ላይ ያወጣል። በላዩ የሚያልፈው እርጥብ አየር ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል፤ የመሐል አገሩ ሙቀት ደግሞ ጉሙን ወደ የብስ ይስበዋል። ስለዚህ ከጁን እስከ ኦገስት በማለዳ ቢግ ሰር የደረሰ ሰው ባሕሩን በጆሮው ሰምቶ በዓይኑ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። ጉሙ ብዙ ጊዜ ወደ እኩለ ቀን ይገለጣል። ያጋጠመው ሰው ተስፋ ቆርጦ አይለፍ፤ ካርሜል ላይ ቡና ጠጥቶ ይጠብቅ።

መምረጥ ከቻላችሁ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር የተሻሉ ናቸው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ሰዉም ይቀንሳል። ከዲሴምበር እስከ ኤፕሪል ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በዚህ ዳርቻ ያልፋሉ፤ ዝናቡም የሚበረታው በዚያው ወቅት ነው። የትኛውም ወር ይሁን ጃኬት ያዙ፤ ለእናት ደግሞ ጋቢ።

4. መንገዱ ክፍት መሆኑን አትጠይቁ

ሆቴሉን ያዙ፣ መኪናውን ተከራዩ፣ ለዘመድ ደውሉ፤ መንገዱን ግን «ሁልጊዜም ያለ ነው» ብላችሁ እመኑት።

አንድ ቁጥር ሁልጊዜ የለም። ተራራው ቁልቁል ነው፣ ድንጋዩ የተሰባበረ ነው፣ ዝናብ ሲገባበት ይንሸራተታል። በፌብሩዋሪ 2017 የፋይፈር ካንየን ድልድይ ከሥሩ መሬቱ ስለከዳው ተዘጋና ፈርሶ እንደገና ተሠራ። በዚያው ዓመት በሜይ መድ ክሪክ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ አፈርና ድንጋይ ወርዶ መንገዱን ቀበረው፤ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነው። በ2020 የእሳት ቃጠሎ የተራራውን ዛፍና ቁጥቋጦ በላው፤ አፈሩን የሚይዝ ሥር በመጥፋቱ በጃኑዋሪ 2021 የጣለው ዝናብ ራት ክሪክ ላይ አስፋልቱን ጠርጎ ባሕር ውስጥ ከተተው። በ2023 እና በ2024ም ሌሎች ናዳዎች ወርደዋል።

መንገዱ መሐል ላይ ሲቆረጥ አማራጭ ማለፊያ ይኖራል ብሎ ማሰብ ትልቁ ስሕተት ነው። ከካርሜል እስከ ካምብሪያ ባለው ርቀት ተራራውን ተሻግሮ ወደ መሐል አገር የሚያወጣው አንድ ጠባብ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ብዙ ጊዜ ይዘጋል። የተዘጋበት ሰው የመጣበትን ሁሉ ተመልሶ መቶ አንድ ቁጥር በሚባለው አውራ ጎዳና መዞር ነው ያለው። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። የክፍለ ግዛቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ፣ ኩዊክማፕ በሚባለው ካርታው የትኛው ቦታ እንደተዘጋ ያሳያል። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት እዩት፤ በምትነሡበት ጠዋትም ድገሙት።

5. ነዳጁም ምግቡም ከመንገድ ይገኛል በሉ

ሩብ ነዳጅ ይዛችሁ ካርሜልን እለፉ። ልጆቹ ሲርባቸው የሆነ ቦታ ይታያል በሉ። አቅጣጫውን ስልኩ ያውቀዋል በሉ።

ቢግ ሰር ውስጥ ማደያ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ዋጋውም ከከተማው እጅግ ይበልጣል። ምግብ ቤቱም ጥቂት ነው። ኔትወርክ ደግሞ በአብዛኛው መንገድ አይሠራም፤ ካርታውን አስቀድሞ ስልኩ ላይ ያላወረደ ሰው የት እንዳለ አያውቅም፤ በሁለት መኪና የሚጓዙም ከተለያዩ መደዋወል አይችሉም።

ካርሜል ላይ ሙሉ ነዳጅ ቅዱ፤ የኤሌክትሪክ መኪና የያዘም እዚያው ይሙላ። ሁለት መኪና ከሆናችሁ የመገናኛ ቦታና ሰዓት ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ስንቅን በተመለከተ እኛን ማንም አያስተምረንም፦ ድፎ ዳቦ፣ ቆሎ፣ በፔርሙዝ ሻይ። ባሕር ዳር ቆሞ የሚጠጣ ትኩስ ሻይ በዚያ ነፋስ ላይ ከየትኛውም ምግብ ቤት ይበልጣል።

6. ከኋላችሁ ያለውን እርሱት

ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ከኋላ የተሰለፈውን መኪና አትመልከቱ። ደስ ያለ ነገር ስታዩ ባላችሁበት ቁሙ።

መንገዱ ለምን ጠባብ እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። ሥራው በ1919 ተጀምሮ በ1937 ነው ያለቀው፤ እስረኞችም ጭምር ድንጋዩን በድማሚትና በአካፋ እየፈለጡ ነው ያወጡት። በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ ማስፊያ ቦታ የለም። ከሹፌሮቹ መካከል ደግሞ ለሥራ የሚቸኩል የአካባቢው ነዋሪ አለ፣ አንዳንዴም አምቡላንስ። በካሊፎርኒያ ሕግ በሁለት መስመር መንገድ ላይ ዝግ ብሎ የሚነዳ ሰው ከኋላው አምስት ወይም ከዚያ በላይ መኪኖች ከተሰለፉ፣ ማለፍም አደገኛ ከሆነ፣ ማሳለፊያ ቦታ ሲያገኝ ወጥቶ ማሳለፍ አለበት። ከሕጉም በላይ ለራስ ይጠቅማል። ያሳለፈ ሰው መስታወቱን ትቶ በሰላም ይነዳል።

በ1932 የተከፈተው የቢክስቢ ድልድይ ዋናው የመጨናነቂያ ቦታ ነው። ማቆሚያው ከሞላ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ አትቁሙ፤ እዚያ በእግሩ የሚሄድ ሰው የሚጠለልበት የለም። አልፋችሁ ሂዱ፤ ቀጥሎ ብዙ ማቆሚያ አለ።

7. ዝርዝሩን ጨርሱ

ሁሉንም ቦታ በወረቀት ጻፉ፤ በደረሳችሁበት ፎቶ እያነሣችሁ ሰርዙ። ለየቦታው አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። ሌሎቹን የተከተለ ሰው መንገዱ ይጎልበታል፤ ይህን የተከተለ ግን መንገዱን ሁሉ ሄዶ ምንም ሳያይ ይመለሳል። ቢክስቢ ላይ ሁሉም ሰው ድልድዩን ያነሣል። ትንሽ ቆይቶ ወደ ታች፣ በውሃው ላይ ወደተኛው የባሕር አረም የሚያይ ሰው ግን የባሕር ኦተር የሚባለውን እንስሳ ሊያገኝ ይችላል፤ በጀርባው ተንጋሎ፣ ሆዱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ፣ ቅርፊት ያለውን ምግቡን እየመታ ሲሰብር። ነጋዴዎች ለፀጉራም ቆዳቸው ሲሉ ፈጅተው ጨርሰዋቸዋል ተብሎ ነበር፤ በ1938 ግን ሃምሳ ያህል የሚሆኑ እዚሁ ቢክስቢ አጠገብ ታዩ። ዛሬ በማዕከላዊ ካሊፎርኒያ ዳርቻ ያሉት የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ይህን በአምስት ደቂቃ አያዩትም።

እዚያው ቢግ ሰር ውስጥ ባለው መክዌይ ፏፏቴ ላይ ደግሞ ችኮላ አደጋም ያመጣል። 24 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ገደል ውሃው አሸዋ ላይ ይወድቃል፤ አሸዋው በ1983 በወረደ ናዳ የመጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ነበር የሚወድቀው። ከላይ ካለው የእግር መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወደ ታች መውረድ ክልክል ነው፤ ለፎቶ ብሎ ገደሉን የሚወርድ ሰው በሕይወቱ ይጫወታል። በሌሎቹ ዳርቻዎችም ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ፤ ውሃው ጸጥ ብሎ ቆይቶ በድንገት ትልቅ ማዕበል ይልካል፤ ቅዝቃዜውም ጎበዝ ዋናተኛን ያደክማል።

ከሳን ሲሚዮን ትንሽ ወደ ሰሜን ፒየድራስ ብላንካስ የሚባል ዳርቻ አለ፤ ኤሌፋንት ሲል የሚባሉ ግዙፍ የባሕር እንስሳት በብዛት ይተኙበታል። ወንዱ ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። መግቢያ አይከፈልበትም፤ ከእንጨት መመልከቻው ላይ ሆኖ ማየት ነው። አንድ ጊዜ እዚያ አንዲት የአገር ቤት እናት ከልጃቸው ጋር ቆመው አየሁ። አሸዋው ላይ የተጋደሙትን ሲያዩ ደንግጠው «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ሞቶ ነው?» አሉ። «ተኝተው ነው እማዬ» አላቸው። ወዲያው አንዱ በመዳፉ አሸዋ አፍሶ ጀርባው ላይ በተነ፤ እንደዚያ የሚያደርጉት ሰውነታቸውን ለማቀዝቀዝ ነው። እናትየው አጥሩን ያዙና አልንቀሳቀስ አሉ። ልጅየው ለእራት ሎስ አንጀለስ መድረስ እንዳለባቸው ሲነግራቸው «እራቱ የት ይሄዳል? ያኛው ሊጣላ ነው፣ ቆይ እስቲ» አሉት። እሳቸው የጉዞውን ትክክለኛ ፍጥነት ያውቁታል።

የሚቃናው እንዲህ ነው

ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ካገኛችሁ ጉዞው ይቃናል። በመጀመሪያው ቀን ከሳን ፍራንሲስኮ በሃፍ ሙን ቤይና በሳንታ ክሩዝ በኩል ሞንተሬይ ድረስ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዝግ ብላችሁ ውረዱና እዚያ እደሩ። ሁለተኛው ቀን ሙሉ ለቢግ ሰር ይሁን፤ ሦስት ወይም አራት ቦታ ብቻ መርጣችሁ ቁሙ፣ ካምብሪያ ወይም ሞሮ ቤይ እደሩ። በሦስተኛው ቀን በሳንታ ባርባራ አድርጋችሁ ሎስ አንጀለስ ግቡ፤ የፌርፋክሱ ክትፎ ያን ጊዜ በሰዓቱ ይደርሳል።

አንድ ቀን ብቻ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ለመድረስ ከሆነ በአምስት ቁጥር ሂዱ። ለማየት ከሆነ ደግሞ ሎስ አንጀለስን እርሱትና ከኦክላንድ በማለዳ ተነሥታችሁ መክዌይ ድረስ ወርዳችሁ ተመለሱ። እናታችሁን የመንገዱን ሩብ በብርሃን ብታሳዩአቸው፣ ሙሉውን በጨለማ ከማሻገር ይሻላል።