ጥቁሯ ቀድማ ስትገባ

ሰውዬው ዲማ የሄደው ለፑል አልነበረም። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ቦርሳው ውስጥ የያዘው በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነበር፤ በዛብህ ቅኔ የዘረፈበትን ደብር መሳለም፣ ሰብለ ወንጌል ያደገችበትን መንደር ማየት፣ ከተቻለም ጉዱ ካሳ በሄደበት መንገድ ላይ እያጉረመረሙ መሄድ። ደራሲው ራሳቸው በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ ዲማ ነውና ምኞቱ ከንቱ አይደለም። የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጣ፤ ደጀን ላይ ሻይ ጠጣ፤ በብቸና በኩል አድርጎ አቧራ ለብሶ ደረሰ።

መጀመሪያ ያገኘውን ልጅ ጠየቀ። «የፊታውራሪ መሸሻ ቤት በየት በኩል ነው?»

ልጁ አሰብ አደረገ። «ከፑል ቤቱ ከፍ ብሎ ነበር ይላሉ፣ ጋሼ።»

ፊታውራሪ መሸሻ ከሐዲስ ዓለማየሁ ብዕር ውጭ አንዲት ጎጆ እንኳ ቀልሰው አያውቁም። ፑል ቤቱ ግን እውነተኛ ነበር። ቆርቆሮ ክዳን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ካርቶን፤ ካርቶኑ ላይ የሰባት ሰው ስም። ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ስለሆነ ስምንተኛ ሰው ጠፍቶ ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። ሰውዬው በር ላይ ሲቆም ሰባቱም ዞረው አዩት፤ አስተያየታቸው ጎደሎ ማኅበር አዲስ ጽዋተኛ ሲያገኝ የሚያይበት ዓይነት ነበር።

መመዝገቢያው ሃምሳ ብር ነው። የሁሉም ብር ይሰበሰባል፣ አራት መቶውን አንደኛ የወጣ ይወስዳል። ከስሙ የተለየ ነገር አልሠሩም፤ «ፑል» ሲጀመር መዋጮ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በፈረስ የሚወራረዱባቸው ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ግልቢያ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ደንበኛው እንዳይሰለች የቢሊያርድ ጠረጴዛ ያኖሩ ነበር። ፈረሱ ቀረና የመዋጮው ስም ለጨዋታው ሆነ። በእኛ ቋንቋ ቢተረጎም «እቁብ» ይሆን ነበር፤ ልዩነቱ ይህ እቁብ ዕጣው ለማይችል ሰው በጭራሽ አለመድረሱ ነው።

ሰውዬው ይችላል? ሰፈሩ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወታል፤ «ጎበዝ ነው» የሚሉትም አሉ፤ እነሱም እሱ ያሸነፋቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። ዘንጉን መርጦ፣ በአንድ ዓይኑ ቀጥ ማለቱን አይቶ፣ ጫፉን በሰማያዊው ጠመኔ አሸ። አበዛው። ጠመኔውን ያበዛው ለኳሱ ሳይሆን ለተመልካቹ ነበር።

ተጋጣሚው አሥራ ስድስት ዓመት የሚሞላው አይመስልም። መበተኛው ምት ለእንግዳ ተሰጠ፤ ይህ የጎጃም ደግነት ነው፤ ዓላማውም ኋላ ነው የሚገባው። ሰውዬው በሙሉ ኃይሉ መታ። አሥራ አምስቱ ኳሶች ተበተኑ፤ ከመካከላቸው ጥቁሯ ስምንት ቁጥር ቀስ ብላ፣ ቤቷን እንደሚያውቅ በግ፣ ጥግ ካለው ቀዳዳ ገባች።

ሁለት እጁን አነሣ። በእሱ ሰፈር ጥቁሯን በመበተኛ ምት ያስገባ ወዲያው አሸናፊ ነው።

«ወጡ፣ ጋሼ» አለ ተጋጣሚው ልጅ። በዚህ ቤት ደግሞ ጥቁሯን ያለ ጊዜዋ ያስገባ ወዲያው ተሸናፊ ነው።

ክርክሩ ከጨዋታው ይልቅ ደመቀ። ሰውዬው «የዓለም ሕግ» አለ። ከአግዳሚው ላይ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ እስከዚያ ድረስ ያንቀላፉ የመሰሉት፣ «ሕጉን ያወጣው ሰው ይችን ጠረጴዛ አይቷታል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በጎጃም ቅኔ እንኳ አንድ መንገድ ብቻ የለውም፤ ዋሸራ የራሱ፣ ጎንጅ የራሱ ስልት አለው፤ ተማሪውም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የቤቱን ወግ ይቀበላል እንጂ የመጣበትን አይጭንም። ለአንዲት ኳስ ሲሆን ምን ይገርማል?

ሽማግሌው ግራ ቀኙን ሰምተው ፈረዱ። «አላሸነፈም፤ አልተሸነፈምም። ጥቁሯ ትመለስና ጨዋታው ይቀጥል።» ሁሉም ተስማማ። ሰውዬው ግን አፈረ፤ አሁን ገና ትዝ ያለው ዓለም አቀፉ ሕግ ከዚህ ፍርድ ጋር አንድ ነበር፤ በመበተኛ ምት የገባች ስምንት ቁጥር ጨዋታውን አትጨርስም፤ መቺው ከፈለገ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። «የዓለም ሕግ» ብሎ የጮኸለት የራሱ ሰፈር ልማድ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ያለው አጭር ነው። ደህና የፑል ጠረጴዛ ከጨርቁ በታች ዝርግ ድንጋይ አለው፤ ከእንጨት ወደ ድንጋይ የተዞረው በ1820ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ነው፤ እንጨት በእርጥበት ስለሚጣመም። የዲማው ጠረጴዛ ጣውላ ነው፤ የጎጃምን ክረምት ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ እግሩ በታጠፈ ካርቶን፣ ሌላው በጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፏል። ሰውዬው ቀጥ አድርጎ የመታው ኳስ መሀል ላይ ሐሳቡን ለውጦ ወደ ግራ ይሄዳል። ፈረንሳዊው ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 የቢሊያርድን ኳስ ዙረትና ጉዞ በሒሳብ ተንትኖ መጽሐፍ ጽፏል፤ ልጁ ያን መጽሐፍ አላነበበም፤ ጠረጴዛዋን ግን በቃሉ ያውቃታል። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር አርቆ ይመታል፤ ኳሷም ቁልቁል ተንሸራታ ትገባለች። ሰባቱን አከታትሎ ጨረሰና ጥቁሯ የምትገባበትን ቀዳዳ በአገጩ አሳይቶ አስገባት።

ለሌላው ስምንት ቤት መወድስ የሆነው ውድድር ለሰውዬው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ሆነ።

በቤቱ ወግ የተሸነፈ ለሚቀጥሉት ኳስ ይደረድራል። ደረደረ። ሦስት ማዕዘኑን ሲያስተካክል፣ የወደቀ ጠመኔ ሲያነሣ፣ በነጋታው አያለሁ ያለውን ደብር እያሰበ ዋለ። ያ ልጅ ለፍጻሜው ሲደርስ ጮክ ብሎ የደገፈው እሱ ነበር፤ በሻምፒዮን መሸነፍና በማንም መሸነፍ አንድ አይደለምና። ልጁ አራት መቶውን ብር ቆጥሮ ኪሱ ከተተ፤ ለሽማግሌው ሻይ አዘዘ።

በነጋታው ደብሩን፣ ዲማ ጊዮርጊስን፣ ተሳልሞ፣ ከቅኔ ተማሪዎቹ ጎጆ በር ላይ ጥቂት ቆሞ፣ ወደ ብቸና የምትመለሰዋን ሚኒባስ ያዘ። ረዳቱ ሂሳብ ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ የሰውዬውን ጣቶች አየ። ጠመኔው በአንድ ቀን ውኃ አልለቀቀም።

«መምህር ነዎት ለካ!» አለ ረዳቱ፤ ከፊት የተቀመጠውንም ወጣት «ተነሥ እንጂ፣ ለመምህር ልቀቅ» ብሎ አስነሣው።

ሰውዬው አመሰገነና ከፊት ተቀመጠ።