ካርዱስ ምን አደረገህ?

ደሴ ላይ ሰው መኪና ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው ቁልፉ ነው። መኪናው ደጅ ቆሞ ጉም ይለብሳል፤ ቁልፉ ግን ከጌታው ጋር ፒያሳ ቡና ቤት ይገባና ማኪያቶው ሳይመጣ ጠረጴዛ ላይ ቦታ ይይዛል። የዛሬው ጸብ የተነሣው ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ካጣ ሰው ነው። ወዳጃችን ቻይና ሠራሽ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የምትከፈተው በስልክና መታወቂያ በምታህል ስስ ካርድ ነው። ሪሞት ከፈለግህ ለብቻው ነው፣ ሒሳቡም ለብቻው ነው አሉት። እና ልግዛ ወይስ ይቅር?

«ካርዷን እዚህ ባስቀምጣት አስተናጋጇ ኤቲኤም መስላት ሒሳብ ልትቆርጥ ይዛት ሄደች» ብሎ አማረረ።

«ደግ አደረገች! ካንተ ሒሳብ የሚቆረጠው በዚህ ዘዴ ብቻ ነው» አለው ከኮምቦልቻ የመጣው ጓደኛው።

«አንተ ዝም በል። ከሙቀታችሁ የተነሣ ቢራ ፋብሪካው እናንተ ጋ ሆኖ ቀዝቃዛ ቢራ ፍለጋ ደሴ ድረስ ትወጣላችሁ።»

«እናንተ ደግሞ ከብርዳችሁ የተነሣ ደሴ ላይ ጋቢ የማይለብሰው ሪሞት ብቻ ነው። እሱም ከኪስ ስለማይወጣ!»

ነገሩ እንዲህ ሲጀመር ቡና ቤቱ ወንበሩን ወደዚያው አዞረ። እኔም አዞርኩ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።

ለማያውቅ ላስታውስ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና አይገባም ብሎ በሩን ሲዘጋ ኢትዮጵያ ከዓለም ቀዳሚ ሆነች። ቀደም ብሎም ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡን ቀንሶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ምንም።

«ሪሞቱስ በየትኛው ይቀረጣል?» ሲል ጠየቀ ኮምቦልቼው። «ተገጣጥሞ የመጣ ነው የተበታተነ?»

«ሪሞቱ የተገጣጠመ ነው።»

«ሐሳብህ ግን በነጻ ገባ!»

ወዳጃችን ግን ዝም ብሎ የሚመታ አይደለም። የአሜሪካኑን ቴስላ ጠቀሰ። ሞዴል 3 የሚባለው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ለገዢው የሚሰጠው ካርድ ነበር፤ የዘወትር ቁልፉ ስልክ ነው ተባለ። በዓመቱ ኩባንያው ሪሞት ሠርቶ ለብቻው በ150 ዶላር ሸጠ፤ ሰውም ገዛ። «አሜሪካኑ ከገዛ እኔ ምን ሆኜ?» አለ።

አንድ የሚያነብ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ፣ ያ የመጀመሪያው ሪሞት እኮ ወደ መኪናው ሲጠጉ በራሱ አይከፍትም ነበር፤ አውጥተው መጫን ነበረብዎ» አለ።

«150 ዶላር ከፍሎ አሁንም ጣቱን ያሠራል?» አለ ኮምቦልቼው። «የእኛ ሰው በዚያ ብር በር የሚከፍት ዘበኛ ይቀጥርና ‹ጌታዬ› ይባልበታል።»

አፑስ? ስልክ ካለ ሪሞት ምን ሊሠራ? እዚህ ላይ ሳቁ ትንሽ ከረር አለ። መኪናዋ ለቻይና ገበያ የተሠራች ከሆነች አፑ ቻይንኛ ነው፤ ሲመዘገቡም ብዙ ጊዜ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ለወዳጃችን የሌላ ሰው ቁጥር የሰጠው መኪናዋን ያመጣለት ደላላ ነው። ስለዚህ መኪናዋ ስልክ ላይ የተመዘገበችው በማያውቀው ሰው ስም ነው።

«እና ባለቤቷ ማነው?»

«ሊብሬው በእኔ ስም ነው።»

«በሩ ግን በሰውየው! አንተ እኮ መኪና አልገዛህም፣ ተከራይ ሆነህ ግብር ትከፍላለህ።»

«ቻይንኛ እማራለሁ!»

«እኛ ቱርክኛ ጀምረን ነበር» አለ ኮምቦልቼው፤ ቀልዱ በራሱ ከተማ ላይ መሆኑን እያወቀ። «የቱርኩ ያፒ መርኬዚ ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ በኤሌክትሪክ ለሚሄድ ባቡር ሐዲዱን ሲዘረጋ። ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ጣቢያው ቆመ፣ ኃይል ሲጠበቅ ስንት ዓመት አለፈ። ለዚያኛው ሪሞት የሚገዛ ሰው ካለ እኔም አዋጣለሁ።»

ይህን ቀልድ ወደድኩት፤ ግን ከሥሩ ያለው ነገር አያስቅም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ መብራቱም ኔትዎርኩም ጠፍቶ የከረመበትን ጊዜ እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም። «ሁሉ ነገር በስልክ ይሆናል» የሚለኝን ሰው የት ነበርክ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው። እርግጥ በብሉቱዝ የሚከፍት ስልክ ኔትዎርክ አይፈልግም፤ የራሱን ባትሪ ግን ይፈልጋል፤ የስልክ ባትሪ ደግሞ የሚያልቀው ቤት መግቢያ ላይ ሳይሆን ዝናቡ ሲጀምር ነው።

ካርዱን የሚያስንቅ አንድ ነገር ከሪሞቱ ወገን ተገኘ፤ እኔንም ግማሽ መንገድ የወሰደኝ ይኸው ነው። በብዙ ሞዴሎች፣ በቢዋይዲም ጭምር፣ ካርዱን የሚያነበው ዕቃ የተቀመጠው በሾፌሩ በኩል ባለው ስፖኪዮ ውስጥ ነው። ካርዱን ስፖኪዮው ላይ ታስጠጋለህ፣ በሩ ይከፈታል።

ባጃጅ ሾፌሩ ከበሩ ላይ ጮኸ፦ «ስፖኪዮ ላይ? እዚህ አገር?»

ቡና ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ስፖኪዮ ያልተሰረቀበት ሰው እጁን ያውጣ ቢባል ማንም አላወጣም። የውጩ ሌባ የሚያስቸግረው በሌላ መንገድ ነው፤ ሁለት ሆነው ይመጣሉ፣ አንዱ ከቤትህ በር ሥር የሪሞቱን ሲግናል በመሣሪያ ይቀበላል፣ ሌላው መኪናው ጋ ቆሞ ያስተላልፋል፣ መኪናውም ጌታዬ መጣ ብሎ ይከፍታል። የጀርመን አሽከርካሪዎች ማኅበር አዳክ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞዴሎችን በዚህ ዘዴ ሞክሮ አብዛኞቹ ተሸንፈዋል። መድኃኒቱ ሪሞቱን ክዳን ባለው ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ማሳደር ነው።

«የእኛ ሌባ አንቴና አይዝም» አለ ባጃጅ ሾፌሩ። «ስፖኪዮውን ነቅሎ ይሄዳል፣ አንተ ነህ በማግስቱ ሱቁ ድረስ ሄደህ የራስህን መልሰህ የምትገዛው። አሁን ደግሞ በርህንም አብረህ ልትገዛ ነው።»

«ያንተ ባጃጅስ በምን ይከፈታል?»

«በር የላትም! ከደኅንነቷ የተነሣ ሌባው ራሱ ገብቶ ሒሳብ ይከፍላል።»

በዚህ መሐል ቡና የምታፈላው እትዬ ረከቦቱን ትታ መጣች። «እስቲ አሳዩኝ ይኼን ጉደኛ» አለች። ሪሞቱ የሻጩ ናሙና ነበረ፤ ለስላሳ ጥቁር፣ ጠጠር ያህል። ልጁ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ማስለቀቂያ በጥፍሩ ገፋ ሲያደርጋት ጀርባው ተከፈተና ከውስጡ ስስ የብረት ቁልፍ ተመዘዘ። ከሥሩ ደግሞ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2፣ ጉልበቷ 3 ቮልት። የሰዓት መሸጫ ሁሉ ያውቃታል። መኪናዋ በር ላይ ደግሞ ከመያዣው ሥር በፕላስቲክ የተሸፈነ ቀዳዳ አለ፤ ብረቱ የሚገባው እዚያ ነው።

እትዬ ብረቱን በጣቶቿ አገላብጣ አየችው። «ቻይና ሄዳችሁ፣ አሜሪካ ሄዳችሁ፣ ጀርመን ሄዳችሁ፣ የደረሳችሁት የእኔ ሣጥን ቁልፍ ላይ ነው?»

መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔም የለኝም። ግን ይህች ሣጥን ቁልፍ ናት ሪሞቱን ሪሞት የምታሰኘው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ሁለት ነው፤ አንዱ ወለሉን ሙሉ የተነጠፈው ትልቁ፣ ሌላው በሩን፣ መብራቱንና ኮምፒውተሩን የምትቀሰቅሰው ባለ 12 ቮልቷ ትንሿ። ትልቁ ጢም ብሎ ሞልቶ ትንሿ ከሞተች ስልኩም ካርዱም ዋጋ የለውም፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ቁጭ ብሎ ማኅተም የያዘችው ልጅ ስትቀር ወረቀት እንደማይወጣው ነው። ያኔ የሚከፍተው ብረት ነው።

«በል እንግዲህ ግዛ» አለ ኮምቦልቼው ድንገት ዞሮ። «ግን አንድ ሪሞት አይደለም የሚያስፈልግህ፣ ቁልቁለት ነው።»

ይህንንም ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ እሱ ግን አስልቶ ነው የመጣው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሐረጎን ይዞ 600 ሜትር ያህል ይወረዳል። 1,700 ኪሎ የምትመዝን መኪና ያን ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ሞተሩ በፍሬን ፈንታ እየያዘ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልተህ ከወረድክ ግን መግቢያ የለውም፣ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይሆናል። ስለዚህ ደሴዎች ሆይ፣ ከላይ ሞልታችሁ አትውረዱ።

«ሰማህ?» አለ ወዳጃችን ደረቱን ነፍቶ። «እኛ እናንተ ጋ ስንመጣ እንኳ እናተርፋለን። እናንተ እኛ ጋ ስትመጡ ትከስራላችሁ!»

«ከዚህ ያጣነው ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ አላህ ይመስገን።»

ወደ ውሳኔው። ሪሞት ጠረጴዛ ላይ ለማስቀመጥ የሚገዛ ሰው ካለ በዚያው ብር ማኪያቶ ይጠጣ፤ ዓመቱን ሙሉ ሲጠጣ ሊከርምበት ይችላል። ግን በእጅህ ያለው ቁልፍ አንድ ብቻ ከሆነ ግዛ፤ ዛሬውኑ። ምክንያቱን ልንገርህ። አንድ ቁልፍ በእጅህ እያለ ሁለተኛውን ከመኪናዋ ጋር ማስተዋወቅ መሣሪያው ላለው ባለሙያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሁሉም ከጠፋ ግን መኪናዋ ማንንም አታውቅም። እሷን የሚያውቃት አዲስ አበባ ነው፤ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በገመድ ልጎትታት እንዳትል፣ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎቿ መሬት እየነኩ ከተጎተተች ሞተሯም ስለሚዞር ሊበላሽ ይችላል፤ በጭነት መኪና ተጭና ነው የምትሄደው። ጣርማ በርን ያለ ቁልፍ፣ ያለ ሞተር፣ በሰው ጀርባ!

ስትገዛም የሪሞቱን ዋጋ ብቻ አትጠይቅ። ማስተዋወቂያው ተጨምሮ ነው? ለየትኛው ዓመት ሞዴል ነው? ብረቷስ ለመኪናዋ በር ተቀርጻለች? ብረቷ ሳትቀረጽ የሚሸጥ አለ፤ እሱ ለልጅ መጫወቻ ይሆናል።

«ሁለተኛው እኔ ጋ ኮምቦልቻ ይቀመጥልህ» አለ ጓደኛው፣ አሳቢ መስሎ።

«አንተ ጋ ያስቀመጥኩ ቀን መኪናዋም ትከተለዋለች። ቁልቁለት ነው አላልክም?»

ሪሞቱ ተገዛ። ማታ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ተቀብላ በእጇ መዘነችውና ይህ የእኔ ነው አለች።

«አንቺ እኮ መንጃ ፈቃድ የለሽም» አላት።

«ልነዳ ነው ማን አለህ? መቆለፊያዋ የትኛዋ ናት?»