ሁለት ካርቡራተር ስለማስታረቅ፦ ከደብረ ብርሃን የቀረበ ቅድመ ጥናት

የጥናቱ መነሻ ችግር እንዲህ ይቀመጣል። ሁለት ካርቡራተር ያለው ሞተር፣ ለምሳሌ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ተለቅ ያለ ሞተር የተገጠመለት ፎልስ ዋገን ኮምቢ፣ ሁለቱ እኩል አየር ካልሳቡ በሚኒሞ ይንቀጠቀጣል፤ በአንድ በኩል ያሉት ካንዴላዎችም ጥላሸት ይለብሳሉ። እርግጥ ደብረ ብርሃን በኅዳር ማለዳ ባለቤቱም ይንቀጠቀጣል። ተመራማሪው አስቀድሞ ሁለቱን መንቀጥቀጦች መለየት ይኖርበታል።

ፈረንጆች ለዚህ የአየር መለኪያ ሠርተዋል። የካርቡራተሩ አፍ ላይ ሲገጠም በሰዓት ስንት ኪሎ አየር እንደሚሳብ በቀስት ያሳያል። በጋራዥ የሚሠራበት መሣሪያ ግን ክንድ ተኩል የሚሆን የጎማ ቱቦ ነው። መካኒኩ አንዱን ጫፍ ከካርቡራተሩ አፍ፣ ሌላውን ከጆሮው ያስጠጋና ፉጨቱን ያዳምጣል፤ ወደ ሁለተኛው ይዞራል፤ የሚኒሞዋን ቡሎን በካቻቢቴ ሩብ ዙር ያጠብቃል፤ ደግሞ ያዳምጣል። ዘዴው በውጭ አገርም የታወቀና የተከበረ ነው። የመሣሪያው ትክክለኛነት ግን ባለ ጆሮው በዚያ ሳምንት ጉንፋን ይዞት እንደሆነና እንዳልሆነ ይለያያል።

ምሁራዊ ሥራ ሁሉ ቀደምት ጥናቶችን በመፈተሽ ይጀምራልና መካኒኩም ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ ይሄን ደግሞ ማነው የነካብዎት?» ይላል። በዘርፉ ሌላ ዓይነት አስተያየት የተሰጠው ቀዳሚ ሥራ አልተገኘም። ከዚያ አላፊ አግዳሚው ኮፈኑን ይከባል፤ ይህ የአቻ ግምገማ ነው፤ ክፍያ የለውም፤ አይቆምም።

ወደ ዋናው ግኝት እንለፍ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራተር ይህን አያውቅም። ቤንዚኑን በለመደው ቀዳዳ ይለቃል፣ አየሩ ግን አይበቃውም፣ ጭሱ ይጠቁራል። መለኪያ ያለው ሰው ቀስቱ ዝቅ ሲልበት ሊደነግጥ ይችላል። ቱቦ ያለው አይደነግጥም። እርቅ የሚጠይቀው ስንት አየር ገባ ብሎ ሳይሆን እኩል ገባ ወይ ብሎ ነው፤ ሽማግሌም የተበዳዩን ሀብት አይቆጥርም። ሁለቱም ካርቡራተሮች እኩል እስከተራቡ ድረስ በመካከላቸው ቅሬታ የለም። በዚህ ረገድ ከፍታው ማንንም አላዳላም።

የማይጸናው የቤንዚኑ ነገር ነው። ጠንቃቃ መካኒክ ለደጋው ብሎ ቤንዚኑን ይቆነጥጣል። መኪናው በጣርማ በር፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ አልፎ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ በማርሚታ ይተኩሳል። ባለቤቱም በስልክ ክስ ይመሠርታል። ስለዚህ የመስክ ሙከራ በአንኮበር መንገድ ቢደረግ ይመከራል፤ ደንበኛው አንኮበር ደርሶ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለት ካላማረው በቀር ደጋው ምስክርነቱን አያጥፍም።

መንግሥት የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. አሳውቋል። የኤሌክትሪክ መኪና አየር ስለማይስብ ለጆሮ የሚነግረው ነገር የለም። ሆኖም ቱቦው ከጋራዡ ግድግዳ አልወረደም። ከሳልባቲዮ ወደ ጀሪካን ቤንዚን የሚቀዳውም በእሱ ነው፤ ይህ ሙያ ግን ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።