አበባን በጀልባ ስለ ማየት

የመጸው ወራት መስከረም 26 ቀን በገባ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያንም እስከ ኅዳር 5 ቀን የሚዘልቀውን ዘመነ ጽጌ በማኅሌት በምትቀበልበት ሰሞን፣ ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የመጡ የተከበሩ ሰዎች ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ተኮናትረው፣ በየብስ የበቀለውን አበባ ከውኃ ላይ ሆነው ሊመለከቱ ይወጣሉ። ወደ ውኃ የሚኬደው ሊነከሩበት መሆኑን ከፍልውኃው ተምሮ ላደገ የወንዛዬ ሰው ይህ ነገር ምሥጢር ስለሆነበት፣ በሥርዓት ልንመረምረው ወደድን።

ልማዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካም በዚሁ ወራት ታላላቅ መርከቦች ከቦስተን እስከ ኩቤክ ይመላለሳሉ፤ ተሳፋሪው የሚያየውም ቀኑ አጥሮ ብርዱ ሲመጣ አረንጓዴነቱ ጠፍቶ የቀላውን፣ ሊረግፍ የደረሰውን ቅጠል ነው። የእኛ ዛፍ ለመንገደኛ ብሎ መልኩን አይለውጥም፤ ለዚህ አደይ አበባ አለች፣ እርሷ ስታልፍም የፎገራ ሩዝ አለ።

ተመልካቹ በአንድምታ ሲፈታ፣ አንድም አበባ ወዶ የመጣ ነው፤ አንድም ዓሣ ሊበላ የመጣ ነው፤ አንድም ሚስቱ ያመጣችው ነው። እነዚህን በዚሁ እንለፋቸው፤ ከተሳፈሩ በኋላ የሰውን ዕጣ የሚወስነው የተቀመጠበት ጎን ነውና።

ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን የሚሄድ ጀልባ የደራንና የፎገራን ዳርቻ በቀኙ ያደርጋል። ስለዚህ ተሳፋሪው እንደ ዕለተ ደይን በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ ሆኖ ይለያል። በጎች ሦስት ነገድ ናቸው፦ ማልዶ መጥቶ ቦታ የያዘ፤ ሳይመጣ በነጠላ ያስያዘ፤ ሳያውቀው በቀኝ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው የሚተኛ። ፍየል ግን ነገዱ አንድ ነው፤ ይነሣል። «አንድ ፎቶ ብቻ» ብሎ ስልኩን በበጉ ራስ ላይ ይዘረጋል፤ እርሱን አይቶ ሁለተኛው፣ ሁለተኛውን አይቶ ሦስተኛው ይነሣል፤ ጀልባው ወደ ቀኝ ይዘምማል፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል ያልተነፈሰው ባለ ጀልባም ሞተሩን አብርዶ፣ «ኧረ በእመብርሃን ተቀመጡ!» ይላል። ፍየሉ ይቀመጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይነሣል። በፎቶው ላይ የሚገኘው የበጉ ጆሮ፣ ብርቱካንማው የዋና ጃኬት፣ ጥቂት ደንገል፣ ከዚያም ወዲያ አደይ ናት ተብላ የምትታመን ቀጭን ቢጫ መስመር ነው። ጉማራና ርብ ደለል እየጫኑ ያስተኙት ለጥ ያለ ዳርቻ ነውና ጀልባ ቀርቦ አይደርስበትም፤ አበባው መካከል የተቀመጠው እረኛ እንኳ ከዚያ አይታይም።

ከቅርብ የሚታይ አበባስ አለ፤ እርሱም በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ነው። ሐምራዊ አበባውን ያየ እንግዳ «እንዴት ያምራል!» ሲል፣ ሥሩን ከሞተሩ ላይ ሲፈታ የኖረው ባለ ጀልባ አንድም መልስ አይሰጥም። ሐተታችንም በዚህ ላይ ከእርሱ ጋር ዝም ማለትን መርጧል።

በመልስ ጉዞ ዳርቻው ወደ ግራ ስለሚዞር በጎቹ ፍየል፣ ፍየሎቹም በግ ይሆናሉ፤ ጠዋት ስለ ሥነ ሥርዓት ያስተምር የነበረውም ሰው ቀድሞ ይነሣል። ከሰዓት በኋላ ጣና ነፋስ ስለሚነሣበት ግን ክርክሩ ሳይፈታ ሁሉም ወንበሩን ጨብጦ ይገባል።

ስለ ልጆች፣ ስለ አስጐብኚዎችና ስለ ሩዝ ዘመን ተመልካቾች ሦስት ምዕራፍ አዘጋጅተን ነበር፤ ይቅር። ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል ወረታ የሚያደርሰው አስፋልት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መኪና ቀኑን ሙሉ አለ፤ አበባውም በቀኝም በግራም ነው።