የትም አስቀይር፣ ብቻ ስለ ማጣበቂያው አትጠይቅ

ዋሽንግተንን በሚዞረው 495 ላይ መሪ ጨብጦ እንጀራውን የሚበላ ሰው፣ ከጭነት መኪና ጎማ የተፈናጠረች ጠጠር አንድ ቀን ሳታገኘው አትቀርም። ቷ ትላለች፤ የፊት መስታወቱ ላይ ሽንብራ የምታህል ጠባሳ ትቀራለች። የመጀመሪያው ምክሬ፣ ዝም በላት የሚል ነው። ገና ሽንብራ ሳለች ባለሙያ ካያት ሬዚን በሚሉት ፈሳሽ ሞልቶ፣ ብዙ ጊዜም ሳይፈጅ እዚያው ሊያቆማት ይችላል፤ ዋጋውም ከአዲስ መስታወት ጋር አይወዳደርም። ለእኛ ዓላማ ግን ይህ አይጠቅምም። የጃንዋሪ ብርድ እስኪገባ ጠብቅ፤ ከዚያ በረዶ የጋገረውን መስታወት ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ለቅለቅ አድርገው፣ ወይም ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍተህ ፊት ለፊት ልቀቅበት። ሽንብራዋ እግር አውጥታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትሄዳለች። ቨርጂኒያ ከሆንክ ደግሞ በየዓመቱ የሚደረገው የመኪና ምርመራ ይመልስሃል፤ አሁን መስታወት ማስቀየር ግድ ሆነ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ባለሙያው ያለሁበት ድረስ ይምጣልኝ ወይስ መኪናውን ጋራዥ ልውሰድ? ሥራው እንዳይሰምር የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን እዚሁ ላይ ያቁም። ወንበር ይሻልሃል ሶፋ፣ ቡና ይቀርባል አይቀርብም፣ ከሰፈርህ ስንት ማይል ይርቃል፤ በዚህ ብቻ ወስን። ጥያቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። የአዲስ አበባን የድሮ ቮልስ የሚያስታውስ ሰው የፊት መስታወቱ በጎማ ከፈፍ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃል። መካኒኩ ጎማውን መስታወቱ ላይ ያለብሳል፣ በጎማው ጎድጎድ ውስጥ ገመድ ያዞራል፣ ከውስጥ ሆኖ ገመዱን ሲስብ ጎማው የብረቱን ከንፈር አልፎ ቁጭ ይላል። የቤታችን መስኮትም በስቱኮ ተለስኖ ዓመታት ኖሯል። እንዲህ ዓይነቱን መስታወት ዛፍ ሥርም ሆነ ጋራዥ ውስጥ ብታስቀይረው ልዩነት አልነበረውም። እንግዲህ የዛሬውንም መኪና እንደ ቮልሷ ቁጠረው።

የዛሬው መስታወት ግን ከአካሉ ጋር የተጣበቀ የመኪናው ክፍል ነው። ሁለት ንብር ብርጭቆ ሆኖ መሐሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ይዟል። የሐሳቡ መነሻ ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዷር ቤኔዲክቱስ ነው፤ በ1903 ከመደርደሪያ የወደቀበት ብልቃጥ ውስጡን በለበሰው ሽፋን ምክንያት ተሰነጣጥቆ ሳይበታተን ቢያገኘው ነገሩን ተከታተለው። ብርጭቆው አለመበተኑ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ከነፕላስቲኩ ከቦታው ተነቅሎ ከወጣ የቤኔዲክቱስ ብልሃት ሜዳ ላይ ቀረ። በብዙ መኪኖች የተሳፋሪው ኤርባግ ከዳሽቦርዱ ወደ ላይ ፈንድቶ የፊት መስታወቱን ተደግፎ ነው ወደ ሰውዬው የሚዞረው። መስታወቱ ከለቀቀ ኤርባጉም ይዞት ይወጣል፤ የተሳፋሪው ደረት ባዶ አየር ይጠብቀዋል። መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው እንዳይደረመስ ከሚያግዙት አንዱም ይኸው መስታወት ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ቁጥር 212 የተባለ የደህንነት መስፈርት ያወጣውም መስታወቱ በግጭት ጊዜ ከቦታው እንዳይለቅ ነው። ደስ የሚለው ታዲያ መስፈርቱ የተጻፈው ከፋብሪካ ለሚወጣ አዲስ መኪና ነው፤ አፓርትመንትህ ፓርኪንግ ድረስ መጥቶ ሁለተኛውን መስታወት ግድግዳ ላይ አጋጭቶ የሚፈትሽ የለም።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ዩሬቴን በሚባለው ጥቁር ማጣበቂያ ላይ ነው፤ ዋናው የጥፋት ዕድልም እዚሁ ነው። ዩሬቴን እንደ ጭቃ ፀሐይ መትቶት አይደርቅም፤ የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ነው። የክረምት አየር ቀዝቃዛም ደረቅም በመሆኑ ሥራውን ያጓትተዋል። እንግዲያውስ ሞባይል የሚሉትን፣ ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራውን ባለሙያ ጥራውና ነፋስ በሚያፏጭበት ፓርኪንግ ላይ፣ ካፊያም ጣል ጣል እያለ ያሠራህ። ጓንት እንዳያደርግ ለምነው፤ የጣት ወዝ የሚጣበቀውን ጠርዝ ሲነካ ማጣበቂያው በደንብ አይዝም። አሮጌውን ማጣበቂያ ሲቆርጥ ቢላው ብረቱን ከጫረው ፕራይመር አይቀባው፣ በላዩ ላይ ይለጥፍበት፤ ዝገቱ ቀስ ብሎ ከሥር ይበላዋል። ቢቻል ዩሬቴኑንም ትቶ በሲልከን ቢለጥፈው ዓላማችን በግማሽ ዋጋ ይሳካል። የምርቱ ጽሑፍ በዚህ ሙቀትና በዚህ እርጥበት ይህን ያህል ሰዓት ሳይቆይ አይነዳ ይላል፤ ሰዓቱ እንደ ምርቱና እንደ አየሩ ከግማሽ ሰዓት አንስቶ ለብዙ ሰዓታት ይለያያል። አንተ ግን ስንት ሰዓት ብለህ አትጠይቅ። አቦሉ ወርዶ ቶናው ሳይደርስ ቁልፉን አንስተህ ደለስ ኤርፖርት ሰው ልታመጣ ውጣ።

ነገር የገባው አንባቢ እዚህ ጋ ይከራከረኛል፤ «ሞባይል ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው እንዴ?» አይደለም፤ ሐቀኛ ልሁንና ይህ ለምክሬ ትልቅ እንቅፋት ነው። ፕራይመሩን፣ ጓንቱን፣ ለብርድ የተሠራውን ዩሬቴን በመኪናው ጭኖ የሚዞር፣ ሰማዩ ከጠቆረ «ዛሬ አይሆንም፣ የተሸፈነ ቦታ ፈልግ ወይ ነገ ልምጣ» ብሎ የሚመለስ ሰው አለ። እንዲህ ያለው የሠራው መስታወት ጋራዥ ውስጥ ከተሠራው አያንስም። በተቃራኒው ጣሪያ ያለው ጋራዥ ሁሉ ጥንቁቅ መስሎ የሚታየው አለ። በቀን ይህን ያህል መኪና ካላወጣህ ተብሎ የሚሠራ ልጅ ብረቱን ሳያጸዳ ሲለጥፍ ጣሪያው ከላይ ቆሞ ያየዋል እንጂ አይገሥጸውም። የአሜሪካ የመኪና መስታወት ደህንነት ምክር ቤት ያወጣው የአሠራር ደንብም ደንበኛው መቼ መንዳት እንደሚችል እንዲነገረው፣ የማጣበቂያው መለያ ቁጥርም ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ያዛል፤ ሥራው ፓርኪንግም ተሠራ ጋራዥ፣ ትእዛዙ ያው ነው። ስለዚህ መጥፎ ሥራ የሚፈልግ ሰው ቦታ መምረጥ አያስፈልገውም። «የት ትሠራለህ?» ብሎ ብዙ ይጠይቅ፣ «በምን ትለጥፋለህ?» የሚለውን ይዋጥ።

ቦታው በእርግጥ ለውጥ የሚያመጣበት አንድ ጉዳይ ግን አለ፤ እሱም ካሜራው ነው። በ2016 ሃያ የመኪና አምራቾች እስከ 2022 ድረስ በራሱ የሚይዝ ፍሬን ከሞላ ጎደል የሁሉም አዲስ መኪና መደበኛ ዕቃ እንዲሆን ተስማምተው ነበር። በአሁኑ ጊዜ በየመንገዱ የምናየው ካምሪና ራቭ ፎር አብዛኛው ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከኋላ መመልከቻው አጠገብ አንዲት ካሜራ አለችው። መስመር የምትጠብቀው፣ ከፊት የቆመውን መኪና የምታየው እሷ ናት። መስታወቱ ሲቀየር ዐይኗ ትንሽ ልትዞር ትችላለች። አንድ ዲግሪ ብቻ ብትዞር መቶ ሜትር ፊት ለፊት ላይ ስሕተቱ ወደ 1.75 ሜትር ይደርሳል፤ የሃይዌይ አንድ መስመር ስፋት ደግሞ 3.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ግማሽ መስመር ሊሞላ ምን ቀረው። አንዳንዱ መኪና ካሜራው የሚስተካከለው ጥርት ያለ መስመር ባለበት መንገድ ላይ በተወሰነ ፍጥነት ሲነዳ ነው። ሌላው ግን ወለሉ የተስተካከለ፣ ብርሃኑ የተመጠነ ክፍል ውስጥ፣ በተለካ ርቀት ላይ ምልክት ያለበት ሰሌዳ ይተከልለታል፤ ወደ ቦይ የተንሸራተተ ፓርኪንግ ላይ ይህን መሥራት አይቻልም። እንግዲህ መኪናህ የትኛውን እንደምትፈልግ ሳትጠይቅ በስልክ ርካሽ ዋጋ የነገረህን ያዝ። ዋጋው የረከሰው ካሜራው ስላልተቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም አታንሳ። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ካልበራ ሁሉ ደህና ነው በል፤ አንዳንዴ ካሜራዋ ጠማማ እያየች መብራቱ ሳይበራ ይቀራልና ምቹ ነው።

የመጨረሻው ክርክር የኪስ ነው፤ «አንድ ቀን ቆምኩ ማለት የአንድ ቀን ገቢ ሄደ» የሚል። ትክክል ነው፣ የኡበር ሾፌር ጋራዥ በር ላይ የሚያጠፋው ሰዓት ማንም አይከፍለውም፤ ሞባይል ባለሙያ የሚመረጠውም በዚህ ነው፣ ጥሩ ምክንያትም ነው። ችግሩ ማጣበቂያው ሰውዬው በየት በኩል እንደመጣ አለማወቁ ነው፤ ፓርኪንግ ላይ የተቆጠበው ጉዞ የመጠንከሪያውን ሰዓት አያሳጥረውም። እንዲያውም ቤትህ ድረስ ከመጣልህ ሌሊቱን እዚያው ልታቆማት ትችል ነበር፤ ይህ ሐሳብ እንዳይመጣብህ ቶሎ ስልክህን ከፍተህ ትሪፕ ተቀበል። ከላይ ያልኩት ኤርባግ የተሳፋሪው ነው፤ ቅዳሜ ማታ ከፊት ወንበር የሚቀመጠው ማን እንደሆነ የምታውቀው አንተ ነህ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የቀረውን ቶሎ እንጨርሰው። ባለሙያው ጠርዙ ላይ የለጠፈውን ፕላስተር ውበት ያበላሻል ብለህ ገንጥለው። መስኮቶቹን ሁሉ ጥርቅም አድርገህ ዝጋና በሩን ገጭ አድርገው፤ የታፈነው አየር ያልጠነከረውን መስታወት ከውስጥ ይገፋልሃል። በማግሥቱ በኃይለኛ ውሃ አሳጥባት። ይህ ሁሉ ሆኖ አልለቅ ካለ የሠራልህ ሰው ሙያውን የሚያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ከመጀመርህ በፊት ልታውቀው ትችል ነበር። የዩሬቴኑ ቱቦ ላይ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ታትሟል፤ አሳየኝ ብትለው ሳያቅማማ ይሰጥህ ነበር።